መድኃኒቱ መንገድ ላይ ነው

ኃይለመለኮት ከሞተ በኋላም እኛን መቆጣት አልተወም። «አቦ አትቸኩሉ! መድኃኒቱ መንገድ ላይ ነው» ይላል ከውሃ ጣቢያችን ግድግዳ ድምፅ ማጉያ። በሕይወት ሳለ ድምፁን የቀረጸው በእኔ ተናዶ ነው። የውሃውን መድኃኒት፣ ክሎሪኑን፣ የምንጨምረው ጉድጓዱ ጋ ነው፤ መጠኑን የምናነበው ግን ከከዚራ ሰፈር በላይ ካለው ታንከር። ውሃው እስኪደርስ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። እኔ ደግሞ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም፤ በእጄ እጨምርና ኋላ ከተማው በረኪና ይጠጣል። ስለዚህ ኃይለመለኮት መንገድ ላይ ያለውን እያሰላ የሚጨምርና የሚቀንስ መቆጣጠሪያ ሠራ። ውሃውን መጠበቁ ሲረዝም እኔን የሚገሥጽ ድምፅም አስገባበት።

ባለፈው ክረምት ጎርፍ የድሮውን ቧንቧ ወሰደው። ኃይለመለኮትንም ቧንቧውን ሊያይ በወረደበት ወሰደው። አዲሱ መስመር በአቋራጭ ተዘረጋ፤ ውሃው አሁን ቶሎ ይደርሳል። መቆጣጠሪያው ግን ይህን አያውቅም። ቁጥሩ ቀድሞ ሲወጣበት ግራ ተጋብቶ ይቀንሳል፤ በሌለው ቧንቧ ይመጣል ብሎ የጠበቀው ሲቀርበት ደንግጦ ይጨምራል። ጠዋት ውሃው ዓይን ያቃጥላል፣ ማታ መድኃኒት የሚባል የለውም። እኔ ወላሂ ያ ድምፅ በጠራራ ፀሐይ ሲናገር ፀጉሬ ይቆማል።

ማስተካከል የምትችለው ሚስቱ ስምረት ናት፤ የጣቢያው መሐንዲስ። መቆጣጠሪያው ላይ የተሞላውን የመጠበቂያ ጊዜ ቁጥር ባነሳሁባት ጊዜ ሁሉ «ነገ» ትለኛለች። ዛሬ ግን የእህቴ የዐስሊ ልጅ በተቅማጥ ሆስፒታል ገባ። ደሜ ፈልቶ ሄድኩባት።

«አቦ ስምረት፣ ሕፃን ልጅ ሊሞትብን ነው! አንድ ቁጥር መቀየር እንዴት ያቅትሻል?»

«መንገዱ ካጠረ አይናገርም እኮ፣ ዑመር» አለች።

«ድምፁ ስልክሽ ላይ የለም?»

«አለ። እሱን ግን ከፍቼ የማናግረው እኔ ነኝ። እዚህ ራሱ ሲፈልግ ነው የሚናገረው።»

ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። አሳዘነችኝ፤ ለልጁም ፈራሁ።

«ልጁ ትንሽ ነው?» አለች።

«ገና ዳዴ ማለቱ ነው።»

ቁጥሩን ቀየረች።

መድኃኒቱ ተለቀቀ። ሁለታችንም ድምፅ ማጉያው ላይ አፍጥጠን ተቀመጥን። የሚናገርበት ሰዓት ደረሰ፤ አለፈ። የታንከሩ ቁጥር ቀስ ብሎ ወጣና በሚገባው ቦታ ቆመ።

«መድኃኒቱ ደረሰ» አልኳት።

«እሱስ?» አለችኝ።