ባሌ ያሰረው ጥርስ

ምላሴ እንደማያርፍ አውቃለሁ። አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ጥርስ ሳጸዳ ኖሬአለሁ። ሥራዬ ጥርስ ላይ የተጋገረውን ድንጋይ መፋቅ፣ ድድ ሥር የተወሸቀውን ቆሻሻ ማውጣት፣ ከዚያም ሰውየውን ቁጭ አድርጌ ብሩሽ አያያዝ ማስተማር ነው። አፉን ከፍቶ የተጋደመ ሰው መልስ ስለማይሰጥ ቀኑን ሙሉ የማወራው እኔ ብቻ ነኝ። ይህ ሳይበቃኝ ቤት ስገባ ያየሁትን ሁሉ ለባሌ እዘረግፍለት ነበር።

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። ዝምተኛ ነው፤ የሚያስቀው ነገር ካገኘ ግን ጥርስ በጥርስ ይሆናል፤ እኔም ያንን ሳቅ ለማየት ስል የማልዘረጥጠው ሰው አልነበረም። አንዱ ስድስት ወር ሳይቦርሽ ከርሞ በአንድ ጠዋት ፈትጎ፣ ድዱን አድምቶ ለቀጠሮው ይደርሳል። አንዷ የተቦረቦረ ጥርሷን በቅርንፉድ ትወትፍና «አስሞልቼዋለሁ» ትላለች። አንዱ ደግሞ አፉን ሲከፍት ሽታውን በሁለት ጭንብል እንኳ አልቻልኩትም። ስለ እሱ ያወራሁ ቀን፣ «ከዚህ ሰውዬ ጋር የምታድረው ሴት በቀጥታ ገነት ትገባለች» አልኩ። ባሌ ሳቀ። አሁን መለስ ብዬ ሳስበው፣ የሳቀው አፉን በእጁ ሸፍኖ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ቀዘቀዘ። መጀመሪያ ለምሳ መምጣት ተወ፤ ሥራ በዝቶብኛል አለ። ቀጥሎ ራትም በልቼ መጣሁ ማለት አመጣ። አልጋ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል። ልስመው ስጠጋ ጉንጩን ይሰጠኛል። ኮቱን ለማጠብ ኪሱን ባራግፈው የሚንት ከረሜላ ተዘረገፈ፤ ሃያ አራት ዓመት አብረን ስንኖር ከረሜላ ሲበላ አይቼው አላውቅም። ቀሚስ የምታሰፋ አንዲት ሴት መኖር አለባት ብዬ ደመደምኩ። ቁመቷን፣ የወገቧን ልክ ሳይቀር ገመትኩ። እንዲህ ነኝ፤ ነገር ከጀመርኩ ሳልጨርስ አልተውም። ሥራ ቦታ እንደ ወትሮዬ እቀልዳለሁ። ባሌን ግን እያጣሁት እንደሆነ አምኜ ነበር።

አንድ ሐሙስ፣ በምሳ ሰዓት፣ ሳልነግረው ሱቁ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። የስፌት መኪናው ላይ ያልተጨረሰ ሱሪ ተዘርግቷል፤ እሱ ግን የለም። ደንበኞች ልብስ ከሚለኩበት ከመጋረጃው ጀርባ ኮሽታ ሰማሁ። የምናገረውን አንድ በአንድ ደርድሬ፣ ለሁለቱም የሚበቃ ስድብ አዘጋጅቼ፣ መጋረጃውን ገለጥኩት።

ብቻውን ነበር። በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ሻይ ውስጥ የራሰ ዳቦ አለ፤ በግራ እጁ መስታወት፣ በቀኙ ወረንጦ ይዟል። ከአፉ ነጭ ክር ተንጠልጥሏል። ከታች የፊት ጥርሶቹ አንዱን፣ ቁልፍ በሚተክልበት ጠንካራ ክር፣ ግራና ቀኝ ካሉት ጥርሶች ጋር እየጠመዘዘ አስሮታል። እኔን ሲያይ መስታወቱን ከጭኑ ሥር ደበቀው፤ ክሩን ግን የት ይደብቀው።

ስድቤን ትቼ ፊቱን ብርሃኑ ወዳለበት አዙሬ፣ ሥራዬ ስለሆነ፣ አየሁለት። ድዱ ቀልቶ አብጧል። ክሩ እያደር ወደ ታች ተንሸራቶ ድዱ ውስጥ ገብቷል፤ ቆሻሻውን ይዞ እዚያው ተቀምጧል። ይይዝልኛል ያለው ክር ጥርሱን ከሥሩ እየነቀለለት ነው።

ማን እንዲህ አድርግ እንዳለው ጠየቅኩት። እኔው ነኝ ለካ። ሐኪማችን የሚነቃነቅ ጥርስ ከጎረቤቱ ጋር በቀጭን ሽቦ አስሮ እንደሚያተርፍ አንድ ማታ ነግሬው ኖሯል። እሱ ሽቦ የለውም፤ ክር ግን ሱቁን ሞልቶታል። በየሳምንቱ እየፈታ በአዲስ ይቀይረው ነበር። ከዚያ በፊት፣ ብሩሹ ላይ ደም ሲያይ ብሩሹ ጎዳኝ ብሎ ጭራሽ መቦረሽ ትቷል። ድድ ሲደማ ለስለስ ባለ ብሩሽ ይበልጥ አዘውትረህ አጽዳ እንጂ አትተው፣ ካልቆመ ወደ እኛ ና እያልኩ በቀን ለአሥር ሰው እናገራለሁ። ለባሌ ግን አንድ ቀን ተናግሬው አላውቅም። ምክሩን ለክሊኒኩ ትቼ ቤቴ ይዤ የምገባው ቀልዱን ብቻ ነበር።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

ወረንጦውን አስቀመጠ። «ያን ሰውዬ ያወራሽልኝ ቀን፣ ጥርሴ መነቃነቅ፣ አፌም መሽተት ከጀመረ ሁለት ወሩ ነበር» አለ። «ገነት ትገባለች ያልሻት ሴት አንቺ ነሽ።»

ሳይቆጣ፣ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያ ሁሉ ወር የራሰ ዳቦ እየበላ፣ ከረሜላ እየመጠጠ፣ ከኔ የሸሸው እኔኑ ፈርቶ ነው። አንጀቴን በላው። እኔ ደግሞ የሌለች ሴት ወገብ ስለካ ከርሜአለሁ። ይቅርታ ማለት እንኳ አፍሬ፣ ኮቱን አንስቼ አለበስኩትና ክንዱን ይዤ ወደ ክሊኒክ ወሰድኩት።

ሐኪማችን ክሩን በጥንቃቄ ቆርጦ አወጣው፤ ቋጠሮውንም ብርሃን ላይ አንስቶ አየው። እኔ እንዲህ አሳምሬ አላስርም ነበር አለ፤ ባሌ ትንሽ ደስ ሳይለው አልቀረም። የታሰረው ጥርስ ግን መትረፍ አልቻለም፤ የዚያኑ ቀን ተነቀለ። ግራና ቀኙ ያሉት፣ ድዱ እስከ ሥሩ ከጸዳና ለጊዜው በሽቦ ከተያዙ ሊተርፉ ይችላሉ፤ ክፍተቱ በኋላ በሰው ሠራሽ ጥርስ ይሞላል። ሐኪሙ የቤተሰብ ነገር ያስቸግራል ብሎ ጽዳቱን ለባልደረባዬ ሊሰጣት አሰበ። ባሌ ራሱን ነቀነቀ።

«ሚስቴ ትሥራኝ» አለ።

በሳምንቱ ወንበሬ ላይ ተጋደመ። ድዱን በመርፌ አደነዘዝኩለትና ጀመርኩ። ብዙ የከፋ አፍ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ተጠንቅቄ አላውቅም። እያንዳንዱን ጥርስ ዙሪያውን፣ ድዱ ሥር እየገባሁ ፋቅኩ። አንድ ጎን ስጨርስ ውሃ አቀበልኩት፤ ተጉመጠመጠና ተፋ።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለኝ፤ ከንፈሩ ስለደነዘዘ ቃሉ ይንሸራተታል። «አንቺ ዝም ስትዪ የሞትኩ ነው የሚመስለኝ።»

ከእንግዲህ ስለ ሰው አፍ ቤት ውስጥ ላላወራ ለራሴ ቃል እንደገባሁ ነገርኩት።

«ተይ፣ አውሪ» አለ። «የኔንም ጨምረሽ አውሪ። ብቻ ከቀልዱ በኋላ መድኃኒቱንም ንገሪኝ።»

ይቅር እንዳለኝ ያኔ ገባኝ። ባሌ አልጠፋብኝም። እንባዬ ዱብ ዱብ ብሎ ጭንብሌን አራሰው፤ እሱ ግን የወንበሩ መብራት ዓይኑን ስለወጋው አላየኝም። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ፤ አንድ ልብስ ሰፊ አለ፣ አልኩት፣ ሱሪ መስፋቱ አልበቃ ብሎት ጥርሱን የሰፋ፤ ሚስቱ ደግሞ ምላሷ ከመቀሱ የባሰ። እንደተጋደመ ሳቀ፤ የደነዘዘ ከንፈሩ አልታዘዝ እያለው፣ አፉን ከፍቶ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። የቀረው ጥርሱ ሁሉ ታየኝ። መሣሪያዬን ከአፉ አርቄ ሳቁ እስኪያልቅ ቆሜ ጠበቅኩት።