የጤነኛ ሞተር ድምፅ

እስከዚያን ዕለት ጠዋት ድረስ ፕሮግራሙ ከመቶ ዘጠና ስድስት ያገኝ ነበር። የመኪና ሞተር ድምፅ በስልክ ይሰማና «ጤነኛ» ወይም «የታመመ» ብሎ ይፈርዳል፤ ከመቶ ድምፅ የሚስተው አራቱን ብቻ ነው። ስላይዶቹ አልቀዋል። አማካሪያቸው ፈርመዋል። ተማሪዋና የሥራ ጓደኛዋ የመመረቂያ ፕሮጀክታቸውን ፈታኞች ፊት የሚያቀርቡት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ የቀራቸው ነገር ቢኖር ለማሳያ የሚሆን አንድ አጭር ቪዲዮ መቅረጽ ነበር። ተማሪዋ ለዚሁ ጉዳይ ወደ ታላቅ ወንድሟ ጋራዥ መጣች።

«ኢንጂነሯ! ዛሬም መኪኖቼን ልታክሚ ነው?» አለ መካኒኩ ወንድሟ ከተከፈተ ኮፈን ስር ቀና ብሎ። «እኔ እኮ ለደንበኛው ሁሉ ተናግሬ ጨርሻለሁ። ከእንግዲህ የመኪና ሐኪም እህቴ ናት ብያለሁ።»

«ጋሼ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ። ያቺን ነጯን አስነሳልኝ።»

ነጯ መኪና ትናንት ተጠግና ያደረች ናት። ወንድሟ አስነሳት። ተማሪዋ ስልኳን ወደ ሞተሩ አስጠጋች፤ ስክሪኑ አረንጓዴ ሆኖ «ጤነኛ» አለ። ደስ ብሏት ቀና ልትል ስትል፣ ጥግ ላይ የቆመው የጎማ መሙያ ኮምፕሬሰር አየሩ ጎድሎበት በራሱ ጊዜ መንደቅደቅ ጀመረ። ስክሪኑ ቀላ። «የታመመ» አለ።

«ምነው፣ በአንድ አፍታ ታመመችብኝ?» አለ ወንድሟ።

«ሞተሩን አጥፋው።»

ሞተሩ ጠፋ። ኮምፕሬሰሩ ቀጠለ። ስልኩም «የታመመ» እንዳለ ቀረ። ኮምፕሬሰሩ ሞልቶ ዝም ሲል ስክሪኑ ተመልሶ አረንጓዴ ሆነ። ጋራዡ ውስጥ በዚያች ሰዓት የሚሠራ አንድም ሞተር አልነበረም፤ ፕሮግራሙ ግን «ጤነኛ» ይላል።

ተማሪዋ ከጎማዎቹ ክምር ላይ ቁጭ አለች። ድምፆቹን የቀዳችው ራሷ ናት። የተበላሹትን መኪኖች ለጥገና በቆሙበት፣ ከኮምፕሬሰሩ አጠገብ ቀዳች። የተጠገኑትን ደግሞ ባለቤቶቻቸው ሊረከቧቸው ሲመጡ፣ ከደጅ። ፕሮግራሙ ስለ ሞተር የተማረው ነገር የለም። የተማረው ኮምፕሬሰር ካለ ታሟል፣ ከሌለ ድኗል ማለትን ነው። የተፈተነባቸው ድምፆችም በዚያው አኳኋን የተቀዱ ስለነበሩ ዘጠና ስድስት ማግኘቱ አያስገርምም።

ይህንኑ ለወንድሟ አስረዳችው። ጥቂት አሰበና ካቻቢቴውን እንደያዘ በሳቅ ፈረሰ።

«እና ይኼን ሁሉ ጊዜ ስትመረምሪ የከረምሽው የኔን ኮምፕሬሰር ነው በይኛ!» እሷ አለመሳቋን ሲያይ ሳቁን ዋጠ። «ነገሩ ከባድ ነው እንዴ?»

«ኮምፕሬሰሩን ከሶኬቱ ንቀልልኝና ያሉህን መኪኖች አንድ በአንድ አስነሳልኝ።»

ጤነኛውንም በሽተኛውንም፣ አሥራ ሁለት መኪና፣ ሁሉንም በአንድ ቦታና በአንድ ርቀት ቀዳች። ፕሮግራሙ ሰባቱን አወቀ፤ ከመቶ ሃምሳ ስምንት መሆኑ ነው። ሳንቲም ቢወረውሩም ስድስቱ ይገኛሉ። በመጨረሻ ኮምፕሬሰሩን አስነሥታ ብቻውን ቀዳችው።

«ለከሰዓቱ ሸሚዝ አስተኩሼ ነበር» አለ ወንድሟ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ልቅር?»

«ና። ግን እንዳትስቅ።»

የሥራ ጓደኛዋን በትምህርት ክፍላቸው ኮሪደር ላይ አገኘችው። በፍጥነት ኮድ ስለሚጽፍ የክፍሉ ልጆች «ጥይቱ» ይሉታል። የተዋሰው ክራቫት አንገቱ ላይ ጠብቆበት ነበር። የሆነውን ስትነግረው ግራና ቀኝ ተመለከተ።

«ማን አየ?»

«ወንድሜ።»

«ወንድምሽ ፈታኝ ነው?»

«ጥይቱ፣ አይሠራም እኮ ነው የምልህ።»

«ስሚ፣ ፈታኞቹ ሞተር ተሸክመው አይመጡም። ያዘጋጀናቸውን ፋይሎች እንከፍታለን፣ ዘጠና ስድስት ይላል፣ አመስግነን እንወጣለን። ቁጥሩን እንደሁ እኔ አልፈጠርኩት፤ ኮምፒውተሩ ያወጣው ነው።» ክራቫቱን አላላ። «ሥራ የሚቀጥሩኝ ሰዎች ምረቃዬን እየጠበቁ ነው። ብንወድቅ ዓመት እንደግማለን። የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብታችንን እንዳትጥዪብን።»

«የቀዳሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው እላቸዋለሁ።»

«በይ። ውጤቱ ግን የሁለታችንም ነው።»

ቢጮህባት ይቀላት ነበር። በኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ አለች። ላፕቶፑን ከፍታ ዘጠና ስድስቱን አጠፋችና ሃምሳ ስምንት ብላ ጻፈች። የጥይቱን ክራቫት አየች፤ ሃምሳ ስምንቱን አጥፍታ ዘጠና ስድስቱን መለሰች። ውኃ ልትጠጣ ሄዳ ሳትጠጣ ተመለሰች። በሩ ተከፍቶ ሲጠሩ ስላይዱ ላይ ያለው ዘጠና ስድስት ነበር።

ሦስቱ ፈታኞች ከፊት ተቀምጠዋል። ከኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ወንድሟ በተተኮሰ ሸሚዙ ቀጥ ብሏል። ጥይቱ የመጀመሪያውን ክፍል እንደ ስሙ ተኩሶ ጨረሰ። የውጤቱ ክፍል የእሷ ነው። ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ መካከለኛው ፈታኝ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጥሩ ነው። እንዲያውም በጣም ጥሩ ነው።»

የተማሪዋ እጅ ማውሱ ላይ ቀረ። ቀጣዩ ስላይድ «እናመሰግናለን» የሚል ነበር። አልከፈተችውም።

«ይህን ቁጥር ከመቀበላችሁ በፊት አንድ ድምፅ ላሰማችሁ» አለች። «ፕሮግራሙም አብሮን ይሰማል።»

ጥይቱ ወደ እሷ ዞረ። ጠዋት የቀዳችውን ፋይል ከፈተች። ድምፁ ቀጭን ነበር፤ መካከለኛው ፈታኝ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

«አይሰማም፣ ልጄ።»

የድምፅ ማጉያው ጥይቱ አጠገብ ነው። ተማሪዋ አየችው። እሱም አያት፤ ከዚያ ወለሉን አየ። ክራቫቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተና እጁን ሰዶ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው።

ክፍሉ ተንደቀደቀ።

«የኔ ኮምፕሬሰር!» የሚል ድምፅ ከኋላ አመለጠ፤ ወንድሟ አፉን በእጁ ሸፈነ።

ፈታኞቹ ወደ እሱ ዞረው ወደ ስክሪኑ ተመለሱ። ስክሪኑ ቀልቶ ቆሟል፦ የታመመ ሞተር፤ እርግጠኛነት፣ ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ።