የሰይፈዲን ኮፍያና የሽፈራው ዱቄት

በአርባ ምንጭ ሲቀላ ገበያ ሰይፈዲንን የማያውቅ ነጋዴ አልነበረም፤ የሚያውቁትም በነጭ ኮፍያው ነበር። ሌላው ሰው ከሰላት ሲመለስ ኮፍያውን አጥፎ ኪሱ ይከታል። የሰይፈዲን ኮፍያ ግን በመጋቢት ሐሩርም ሆነ በሐምሌ ዝናብ ከራሱ አይወርድም። ጎረቤቶቹ ነገሩን ከሃይማኖተኛነቱ ቆጥረው ያከብሩት ነበር፤ እሱም ሊያርማቸው አልፈለገም። ከኮፍያው ሥር ያለው ራስ እንደ ተወለወለ ብርጭቆ የሚያበራ መሆኑን የምታውቀው ባለቤቱ ሙባረካ ብቻ ነበረች።

ይህ ገመና ሰይፈዲን የሽፈራው ዱቄት መሸጥ እስኪጀምር ድረስ ለማንም ጉዳት አልነበረውም። ሐሳቡ የመጣለት ከስልኩ ነው። ፀጉሯ እስከ ወገቧ የወረደ አንዲት የባዕድ አገር ሴት አረንጓዴ ዱቄት በውኃ ስታማስልና ስትጠጣ አየ። ዱቄቱ እዚያው አርባ ምንጭ ውስጥ በየጓሮው ከሚበቅለው፣ ጋሞዎች ሀሌኮ ከሚሉት ከሽፈራው ቅጠል የተሠራ መሆኑን በሰማ ጊዜ ብስኩቱንና ለስላሳ መጠጡን ወደ ጥግ ገፍቶ ቅጠል በማዳበሪያ ከረጢት መሰብሰብ ያዘ። ከሱቁ በላይም ሰሌዳ ሰቀለ፦ «ለፀጉር፣ ለቆዳ፣ በሽታን ለመከላከል። በማዕድናት የበለፀገ።»

ቅጠሉን የሚያደርቀው ከመናኸሪያው ጀርባ፣ አስፋልት ላይ ነበር።

«ጥላ ሥር አድርቀው እንጂ» አለችው ሙባረካ፤ «ፀሐይ ያነጣዋል፤ አቧራውም አለ።»

«ጥላው ቀናት ይፈጅብኛል። አስፋልቱ እስከ ዙህር ሰላት ያደርሰዋል።»

«ባጃጆቹስ?»

«መንገዱ ሰፊ ነው፤ ዞረው ይለፉ!»

እሱ ራሱ ዱቄቱን አንድም ቀን አልቀመሰውም። ሽፈራው ለእሱ ያጣ ሰው ምሳ ነበር። ሱቅ ከከፈተ ወዲህ ምሳው ጥብስና ለስላሳ መጠጥ ብቻ ሆኗል፤ ክረምት በገባ ቁጥርም ጉንፋን ከማንም ቀድሞ የሚጎበኘው እሱን ነው። ሙባረካ ግን ከእናቷ ቤት የለመደችውን አልተወችም። ከጓሮዋ ዛፍ ቅጠል ቀጥፋ፣ ከበቆሎ ዱቄት ጋር ኩርኩፋዋን ድብልብል አድርጋ ትቀቅላለች፤ ከጫሞ ዓሣ የመጣ ቀን ደግሞ የዓሣውን ራስ መረቅ ትጨምርበታለች።

ገበያው እንዳሰበው አልሆነም። እሽጉ ከሱቅ አልፎ ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን አልፎ ወደ መኝታ ቤት ገባ። በመጨረሻ ሙባረካ አልጋው ላይ የተደረደረውን አይታ፣ «ወይ እሱ ይውጣ ወይ እኔ ልውጣ፤ እህቴ ዘንድ ባዶ አልጋ አለ» አለች። ሰይፈዲን ሚስቱን ያውቃታል፤ ሁለት ጊዜ አትናገርም።

በዚያው ሳምንት የውበት ሳሎን ባለቤቷ ፀደይ ከሁለት ደንበኞቿ ጋር መጣች። ፀደይ ያመነችውን ዕቃ የከተማው ሴት ሁሉ ያምነዋል።

«ጋሼ ሰይፈዲን፣ ዱቄትዎን በሙሉ ልወስደው እችላለሁ» አለች። «መጀመሪያ ግን ፀጉር ማብቀሉን በዓይኔ ልይ። እስቲ ያቺን ኮፍያ አንዴ ያውልቋት።»

ሰይፈዲን ኮፍያውን በሁለት እጁ ያዘ። «ይህ... የዲን ነገር ነው፣ እህቴ።»

«የእኔ ጎረቤት ጀይሉ እኮ ሲሞቀው ያወልቃል።»

«ጀይሉ ወጣት ነው» አለ፤ ላቡም በጆሮው ጥግ ወረደ። ወዲያው መውጫ ታየው። «ይልቅ የባለቤቴን ፀጉር እዩ! እናንተ ሴቶች ናችሁ፤ ችግር የለውም።»

ሴቶቹ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ቤት ገቡ፤ በሩ ተዘጋ። ሰይፈዲን ውጭ ቆሞ ጆሮውን አቆመ። ከዚያ «ወይኔ!» የሚል ድምፅ፣ ቀጥሎም «የራስሽ ነው? ልንካው?» የሚል ተሰማ። ሰይፈዲን አልሐምዱሊላህ አለ፤ መኝታ ቤቱ ባዶ ሆኖ ታየው።

በሩ ሲከፈት ፀደይ በደስታ ፊቷ በርቶ ነበር። «ሙባረካዬ፣ በቀን ስንት ማንኪያ ነው የምትወስጂው?»

ሙባረካ ሻርፗን እያስተካከለች፣ «ከምኑ?» አለች።

«ከዱቄቱ ነዋ!»

«ኧረ እኔስ ቀምሼውም አላውቅም። የምበላው ከጓሮዬ ነው። ፀጉሬም እናቴን ነው የወጣው፤ ቅጠሉ ምን እንዳደረገልኝ አላህ ነው የሚያውቀው።»

ፀደይ ወደ ሰይፈዲን ዞረች። «እርስዎስ ይበሉታል?»

«እንዴት አልበላም! በየቀኑ!»

ሙባረካ ባሏን አየችው፤ ቀጥሎ በእሽግ የተሞላውን አልጋዋን አየች። «እንግዲያው ዛሬም ይብላ» ብላ ከላይ ያለውን እሽግ ቀድዳ ወደ ማድቤት ገባች።

ኩርኩፋው ደረሰ። ሴቶቹ ዙሪያውን ተቀመጡ። ሰይፈዲን ቢስሚላህ ብሎ አንዱን ድብልብል ጎረሰ። ቋ የሚል ድምፅ ከአፉ ወጣ። ሌላ ጎረሰ፤ ቋ፣ ቀጭ።

«ምንድን ነው የሚንኮሻኮሸው?» አለች ፀደይ።

ሰይፈዲን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ዋጠ። «ማዕድኑ ነው።»

ሴቶቹ በሣቅ ፈነዱ። ፀደይ እንባዋን ጠርጋ ተነሣች። «ጋሼ፣ እኔ ጥርሴን ሰጥቼ ፀጉር አልቀበልም። ይህን የአስፋልት አሸዋ ለመንገዱ መልሰው፣ በንጹሕ ቦታ የደረቀ ያዘጋጁ። ሱቅዎ ደጃፍ ላይ ሰው እያየዎት ሲበሉት ያገኘሁ ዕለት እወስዳለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የተበላሸው ለዶሮ እንኳ ሳይሰጥ ተደፋ፤ አዲሱ ቅጠል ታጥቦ በረንዳው ጥላ ሥር ተሰጣ፤ ሙባረካም ፀደይ እስክትመጣ ብላ አዲሱ እሽግ አልጋው ላይ እንዲደረደር ፈቀደች፤ ሰይፈዲንም በየቀኑ የሽፈራው ምሳውን ደጃፉ ላይ ይበላ ጀመር። መጀመሪያ የሚበላው ፀደይን የሚያመጣውን ባጃጅ እየጠበቀ ነበር። እየቆየ ግን መንገዱን ማየት ረሳ። ክረምቱ ገብቶ ጉንፋኑ ሳይመጣ ቀረ፤ የጉንጩም ቆዳ ወዝ አወጣ። መላጣ ራሱ ግን ሜዳ እንደ ሆነ ቀረ።

ፀደይ የመጣች ዕለት ሰይፈዲን ጎርሶ ነበር። ምንም ድምፅ አልተሰማም። ዋጠና፣ ማንም ሳይጠይቀው ኮፍያውን አወለቀ።

«እዪ እህቴ፤ ለዚህ መድኃኒት አይደለም። ለምሳ ግን እጅግ መልካም ነው።»

የቀድሞውን ሰሌዳ አውርዶ ከሱቁ ጀርባ ጥሎታል፤ በምትኩ የተሰቀለው «የሽፈራው ዱቄት፣ ለምሳ» ይላል። ፀደይ አዲሱን ሰሌዳ አነበበች፤ የሚያበራውን ራስ አየች፤ ራሷን ነቀነቀች።

«ጋሼ፣ ለምሳ ብለው ማን ይገዛዎታል?» አለች። እሽጉን ግን አንድ ሳታስቀር አስጭና ሄደች። ያን ምሽት ሙባረካ በአልጋዋ ላይ ተዘርግታ ተኛች።

በማግሥቱ ሰይፈዲን ያለ ኮፍያው በፀደይ የውበት ሳሎን በኩል ሲያልፍ ሴቶች እስከ አስፋልቱ ተሰልፈው አገኘ። አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ ተመለከተ። ከትልቁ መስታወት በላይ፣ አቧራው ተወልውሎ፣ ያ የጣለው ሰሌዳ ተሰቅሏል፦ «ለፀጉር፣ ለቆዳ፣ በሽታን ለመከላከል። በማዕድናት የበለፀገ።»

ሊገባና ሊናገር አንድ እግሩን አነሣ። ከተሰለፉት አንዷ መላጣ ራሱን አይታ፣ «አባቴ፣ እርስዎም ሊሞክሩት ነው?» ብላ በርኅራኄ ቦታዋን ለቀቀችለት።

ሰይፈዲን አመስግኖ፣ ምሳው ሳይቀዘቅዝ ለመድረስ ወደ ቤቱ ፈጠን አለ።