የግሱ ባለድርሻዎች

«ጌት» የሚባለውን የእንግሊዝኛ ግስ የአንድ ሰው ጭንቅላት ብቻውን አይችለውም። ማግኘት ነው ሲሉት መሆን ይሆናል፤ መሆን ነው ብለው ሲይዙት መድረስ፣ መነሳት፣ መግባት፣ መውጣት ሆኖ ያመልጣል። ከሥራ በኋላ እየመጡ የሚማሩት ጎልማሶች ግራ ሲጋቡ ጊዜ መምህርቷ ግሱን እንደ ውርስ መሬት ቆራርሳ አከፋፈለቻቸው። ለእያንዳንዱ አንድ ትርጉም ደረሰው። ሕጉ አጭር ነው፤ የሌላውን ድርሻ መናገር የፈለገ ባለቤቱን አስፈቅዶ ይዋሳል፣ ባለቤቱ እንቢ ካለ ደግሞ አፉን ይዘጋል።

ጡረታ ለወጣው የአውቶቡስ ሹፌር «ጌት ኦፍ» ደረሰው፤ መውረድ ማለት ነው። ዕድሜ ልኩን ሰው ሲያወርድ የኖረ ሰው በዚህ ቢኩራራ ማን ይፈርድበታል? ለማንም አላዋሰም። የጠየቀውን ሁሉ «ኖ» እያለ እየመለሰ፣ እንደ ሀብታም ዘመድ ደረቱን ነፍቶ ይቀመጣል። መርጠብ የቧንቧ ሠራተኛው ሆነ፣ ከእንቅልፍ መነሳት የዳቦ ጋጋሪዋ። ትንሽና ስለታም በመሆኗ «መርፌ» ለሚሏት ልብስ ሰፊ ደግሞ «ጌት ቤተር» ደረሳት፤ ከሕመም መሻል።

ዕጣው ነገር የፈለገ ይመስል የታመመችውም እሷ ናት። ሆዷን ቀዶ ጥገና ተደርጋ ሆስፒታል ተኛች።

ሹፌሩ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቃት ሄደ። ዳይሬክተሩ ክፍሉን ለኮምፒውተር ስልጠና ሊሰጠው እንደቋመጠ፣ በመጪው ሳምንት በዚሁ ግስ ሊፈትናቸው እንደሚመጣ፣ አንድ ጥያቄ እንኳ ካልተመለሰ ትምህርቱ እንደሚዘጋ አጫወታት። ስለዚህ ድርሻዋን ለአንድ ቀን እንድታውሰው ለመናት። መርፌ ከትራሷ ላይ አየችው።

«አላውስም» አለች። «አደራ የሚሰጥ መንገደኛ ነው። እኔ የትም አልሄድም።»

እሱም ሳቀ፤ ኮሪደሩ ላይ ላገኘው ሁሉ «እሷማ ብረት ናት» እያለ ወጣ። ደረጃው ላይ ሲደርስ ግን መደገፊያውን ይዞ ቆመ። ይወዳት ነበር፣ እስካሁን አልነገራትም፣ ያን ቀን ደግሞ እንዳያጣት ፈራ።

የፈተናው ዕለት ዳይሬክተሩ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይጠይቅ ጀመር። ቧንቧ ሠራተኛው መርጠብን እንደ ውሃ ጠጣው። ዳቦ ጋጋሪዋ ስንት ሰዓት እንደምትነሳ ያለ ስህተት ተናገረች። ሹፌሩ የራሱን ሲመልስ መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ ጮኸ። መምህርቷ ፊቷ በርቶ ነበር።

ከዚያ ዳይሬክተሩ፣ ታሞ የነበረ ሰው እየተሻለው ሲሄድ በዚህ ግስ ምን እንደሚል ጠየቀ።

ሁሉም ያውቁታል፤ ከመርፌ አፍ ስንቴ ሰምተውታል። ማንም ግን አልተነፈሰም። መምህርቷም ሕጉን ያወጣችው ራሷ ናትና ከንፈሯን ነክሳ ቆመች። ዳይሬክተሩ መነጽሩን አውልቆ፣ እንግዲህ ክፍሉን በተመለከተ ብሎ ሲጀምር ሹፌሩ ብድግ አለ።

«ክቡር ዳይሬክተር፣ መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን የሰው ነው። ባለቤቷ ሆስፒታል ተኝታለች። እሷ በሕይወት እያለች ድርሻዋን ከወሰድንባት በቁሟ ቀበርናት ማለት ነው። ይደወልላትና ራሷ ትመልስ።»

ዳይሬክተሩ በስልክ መፈተን በደንቡ እንደሌለ ተናገረ። ነገር ግን ደንቡ ተፈልጎ ሳይገኝ የሹፌሩ ስልክ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ መጥራት ጀምሮ ነበር። ጠራ፣ ጠራ፣ የሚያነሳ የለም። ሹፌሩ ዕድሜውን ሙሉ ጥሩምባ ሲነፋ ኖሮ የስልክ ጥሪ እንዲህ እንደሚያስጨንቅ አያውቅም ነበር። ሊያቋርጠው እጁን ሲዘረጋ ተነሳ።

«ሃው አር ዩ?» አለ ሹፌሩ።

«አይ አም ጌቲንግ ቤተር» አለች መርፌ። ቀጭን ድምፅ ነበር፣ ግን እያንዳንዱ ቃል በካውያ የተተኮሰ ይመስላል። ቀጥላም «ድርሻዬን ያማረው ማነው?» ብላ በአማርኛ አፋጠጠች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዳይሬክተሩ ሳቁን ሊውጥ ታግሎ አቃተውና ክፍሉ የእናንተው ነው፣ ተማሩበት አለ። መምህርቷ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

ሹፌሩ ስልኩን ሊዘጋ ሲያነሳው ግን መርፌ ገና አልጨረሰችም።

«ቆይማ ሹፌር። ሐኪሞቹ ሰኞ ከአልጋ ትወርጃለሽ ብለውኛል። ያንተ «ጌት ኦፍ» ያስፈልገኛል። ታውሰኛለህ?»

ሁሉም ዞረው አዩት። ያችን «ኖ» የለመዱ ጆሮዎች ዛሬ ሌላ ነገር ጠበቁ።

«አላውስም» አለ ሹፌሩ፤ ዳቦ ጋጋሪዋ በክርኗ ጎሸመችው። «ለአንቺ ብድር የለም። ሰኞ እመጣለሁ፣ አብረን እንጠቀምበታለን።»

«እንግዲያው በጠዋት ና» አለች መርፌ።