ወደ መዋኛው

ሙሄዲን የተባለው ባለሀብት ካርቱም ዳር፣ ጀሪፍ ውስጥ መሬት አጥሮ የመኖሪያ መንደር ሊሠራ ተነሣ። ቤቱ ይቆየን፣ መጀመሪያ ሰሌዳው ይተከል አለ። ሥዕል አይቶ ቀብድ ለሚከፍል ሰው ቤት ምን ያደርግለታል?

ስለዚህ ሚልዮንን አስጠራ። ሚልዮን ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር የሱቅ ማስታወቂያ ሲጽፍ የኖረ ሐበሻ ነው። የድካሙ ዋጋ ከበሩ አጠገብ ያለችው የዘበኛ ቤት እንድትሆን ተስማሙ። ሚስቱ ለምለም ነፍሰ ጡር ነበረች፤ አከራያቸው ደግሞ የሕፃን ልቅሶ አልወድም ብሏቸዋል።

ሚልዮን በሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ ቀስት አሳምሮ ነደፈ። ወደ መዋኛው፣ ወደ መናፈሻው፣ ወደ አስተዳደር ቢሮ፣ ወደ መውጫው። ሁሉም ባዶ ሜዳ ያሳያሉ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሉ የለ? ይቺኛዋ ላም ቀስት ነበራት።

ሰሌዳው ተተክሎ ሳያበቃ አብዮቱ ፈነዳ። የሙሄዲን ወዳጆች ከሥልጣን ወረዱ፤ እሱም ድንገት ታመመና ለሕክምና ካይሮ ሄደ። የዘበኛ ቤቷ ጣሪያ አልነበራትም። ሚልዮን ሲራገም ለምለም ቆርቆሮ ገዝታ መጣች። ልጃቸው እዚያው ተወለደች። ማዮ ከሚባለው ሰፈር ኪራይ ያባረራቸውም እየመጡ ጎጇቸውን ቀለሱ፤ አንድ ጣሳ ውሃ በሌለበት ሜዳ «መዋኛው ጋ ነው የምኖረው» ይባባሉ ጀመር።

በሦስተኛው ዓመት ወታደሮቹ ሥልጣኑን ጠቅልለው ሲይዙ ሙሄዲን በአንዴ ተፈወሰ። መጥቶም ሚልዮንን በዓረብኛ አዘዘው።

«ያ ሚልዮን፣ በሩ ላይ ‹የዚህ መንደር ነዋሪ ያልሆነ መግባት አይችልም› ብለህ ጻፍ። ነገ ፖሊስ ይዤ እመጣለሁ። አንተም ዕቃህን ሸክፍ፤ ኸላስ፣ አበቃ።»

የሚልዮን ልጅ እግሩ ሥር ትሮጣለች። «ሐዲር» አለ፤ ከእሺ በቀር ምን ይላል? በእልህ ጻፈው፤ በሕይወቱ እንዲህ ያማረ ሰሌዳ ጽፎ አያውቅም። ዕቃውን ግን አልሸከፈም።

በማግሥቱ የፖሊሱ መኪና ሙሄዲንን ይዞ ገባ፤ ሰዉም ሁሉ ልጁን አቅፎ ከበበው። ፖሊሱ እንደ ዕድል ሆኖ ማንበብ የሚወድ ሰው ነበር፤ ሰሌዳውን ጮክ ብሎ አነበበና ዞሮ ተመለከታቸው።

«እነዚህስ ነዋሪ ናቸው» አለ። «ያ ሙዲር፣ አለቃ፣ ያንተ ቤት የቱ ነው?»

ሙሄዲን ጣቱን ወደ አስተዳደር ቢሮ ቀሰረ። ሰሌዳው ሥር አንዲት ፍየል ታስራ ታመሰኳለች። ፖሊሱ ፍየሏን አየ፤ ሙሄዲንንም አየ። ቤት ስትሠራ ትጠራኛለህ ብሎት ሾፌሩን «ያላ፣ እንሂድ» አለው።

መኪናው የመውጫውን ቀስት ተከትሎ ወጣ። ከሚልዮን ሰሌዳዎች ሁሉ ያልዋሸው እሱ ብቻ ነበር።