የሩፋኤል ዝናብ

የቡሬ ገበሬ ስማቸውን እንኳ አጥርቶ የማያውቃቸው አገሮች በኑክሌር ቦምብ ተጠፋፉ፤ ጢሳቸውን ግን አካፈሉት። ፀሐይዋ ደበዘዘች፤ በቆሎው ሳያፈራ ቀረ። ሬዲዮው ጭራሽ ዝም ከማለቱ በፊት ያስጠነቀቀው አንድ ነገር ነበር፤ የሚመጣው ዝናብ መርዝ ነው፣ እንዳትነኩት።

ታንጉት ከቡሬ ወጣ ባለች የገጠር ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። መድኃኒቱ አልቋል። በሽተኛ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል እንዳትልክ ናፍጣ የለም። ባሏ ደጀኔ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ወደ ወደብ በሚወስደው መንገድ ላይ ሳለ ቦምቡ ፈንድቶ ሰማዩ ቦግ አለበት። ፊቱ ተቃጥሎ፣ ፀጉሩ እየረገፈ፣ እንደሱ ከተቃጠሉት ጋር እዚያው ጤና ጣቢያ ተኝቷል። የቀመሱትን ሁሉ ያስመልሳሉ። የቀራት ሕክምና ስኳርና ጨው የተበጠበጠበት ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው። ውሃውን ደመናው ሳይመጣ በፊት ከምንጭ አስቀድታ ጓሮ ያለውን የውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶ ሞልታዋለች፤ ክዳኑንም በገመድ ጠፍራዋለች። ደጀኔ ከሞት ከተረፈ የሚተርፈው በዚያ ውሃ ነው።

ጭንቋ የጳጉሜ ሩፋኤል ነበር። በዚያ ቀን የሚዘንበው ዝናብ ለአገሩ ሰው ጠበል ነው፤ ልጆች ራቁታቸውን ይወጡበታል፣ እናቶች ዕቃ ደቅነው ሊጣቸው ላይ ጠብ ያደርጉታል። በዋዜማው ቄስ እንድሪያስ ዘንድ ሄደች።

«አባ፣ የዘንድሮው ዝናብ ሰው ይጨርሳል።»

«የመልአኩን ዝናብ አትንኩ ብየ ልናገር? በየትኛው አፌ፣ ልጀ?»

«እርስዎ ካልተናገሩ እኔን ማን ይሰማኛል?»

ተናገሩ። ከቅዳሴ በኋላ፣ እያለቀሱ። ዝናቡ እንደ ከሰል ጠቁሮ ሲወርድ ሕዝቡ ሁሉ፣ ታንጉትም ጭምር፣ እስኪያባራ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ተዘግቶ ቆየ። አንድ ልጅ እንኳ አልረጠበም።

ያልሰሙት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ የደጀኔ እናት እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ። ከልጃቸው ራስጌ አይለዩም ነበርና ቅዳሴም አልሄዱ። ምራት ተነሥታ መነኩሲት አማቷን «የመልአኩ ዝናብ መርዝ ነው» ትበል? ታንጉት አፍ አጣች፤ ቄሱ ይነግሯቸዋል ብላ ተወችው። ቄሱ ደግሞ ምራታቸው ሳትነግራቸው አትቀርም ብለው አለፉት። ይሉኝታ የሚሉት ነገር እንዲህ ነው፤ ሁሉንም ጨዋ አድርጎ ያስቀምጥና ቤት ያፈርሳል።

ታንጉት ደስ ብሏት ወደ ጤና ጣቢያው ተመለሰች። ለበሽተኞቹ ውሃ አዳረሰች፤ ለደጀኔም ከሮቶው ቧንቧ ቀድታ፣ በጥብጣ፣ ራሱን ደግፋ አጠጣችው። ጣሳውን ጨረሰው። አላስመለሰም። ፈገግ ሲልላት እንባዋ መጣ። ልትደግምለት ወደ ጓሮ ወጣች፤ የእማሆይ ነጠላ አጥሩ ላይ ተሰጥቷል፤ መሐሉ ጠቁሯል።

«እማሆይ፣ ነጠላዎን ምን ነካው?»

«ጥላሸት ነው፣ ልጀ። ዘንድሮ ዝናቡ ቆሽሿል መሰል፤ አጠለልሁበት እንጅ።» ፊታቸው በርቷል። «ሌላው ሁሉ ጠበሉን እቤቱ ያስገባል፤ እነዚህ ምስኪኖች ምነው ይቅርባቸው? ከቆርቆሮው የወረደውን በእንስራ እያጠራቀምሁ ክዳኑን ፈትቸ ሮቶው ውስጥ ገለበጥሁላቸው። ደጀኔ ሲጠጣ አላየሽም? ሩፋኤል ማረልኝ!»

ታንጉት ወደ ሮቶው ሮጠች። ክዳኑን ከፈተች። ውሃው ለዓይን ጥሩ ነበር፤ ኩልል ያለ።

«ምነዋ፣ ምን ሆንሽ? የማይሆን ነገር አደረግሁ?»

«ቄስ እንድሪያስ ይነግሩዎታል ብዬ ነው፣» አለች። እማሆይ ፊቷን አዩ፤ ከዚያ ነጠላውን፤ ከዚያ የልጃቸውን በር። ነገሩ ገባቸው፤ አፈሩ ላይ ቁጭ አሉ።

ታንጉት ቧንቧውን ከፈተችው። ውሃው እየተንደቀደቀ ጭቃው ላይ ፈሰሰ። ድምፁ በመስኮቱ ገብቶ በሽተኞቹን ቀሰቀሰ።

«ታንጉት፣» አለ ደጀኔ ከውስጥ፤ ድምፁ ከሰነበተበት በርትቷል። «ለኔም ጨምሪልኝ እንጅ።»

ከዚያ ሌሎቹም ተከትለው ውሃ፣ ውሃ ይሏት ጀመር።