አንቱ የተባሉት ኤሊ

በቤታችን አንቱ የሚባለው ኤሊው ብቻ ነው። አባቴን «አንተ» እለዋለሁ፤ እናቴንም በሕይወት ሳለች «አንቺ» ነበር የምላት። ኤሊውን ግን «እርስዎ» ካላልኩ አባቴ ይቆጣል። ነገሩ የመጣው ሾፌር ሆኖ ይሠራበት ከነበረው ፋብሪካ ነው። ሥራ አስኪያጁ ለቀው ሲሄዱ ኤሊውን በአደራ ሰጡትና «በዕድሜ ይበልጥሃል፣ በደንብ ያዘው» አሉት። አባቴ ታላቁን አንተ ብሎ አያውቅም። ጀርባቸው የተዋጊ ጥሩር ስለሚመስል ይሁን ኮስታራ ስለሆኑ እንጃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤሊው «ሻለቃ» ተባሉ። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ «ሻለቃ፣ ይብሉ እንጂ» እያልኩ አደግኩ።

ታዲያ ትንሽ ኤሊ እንዳይመስሏችሁ። የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ደፍታችሁ አራት ወፋፍራም እግር ብትቀጥሉለት ሻለቃን አገኛችሁ ማለት ነው። ክብደታቸው ከእኔ ይበልጣል፤ እኔም ደግሞ ቀላል አይደለሁም። ኤሊ ወጪ የለውም የሚል ሰው ካለ ቤቴ ይምጣ። ሣሩና ቅጠሉ አለ፣ ዛጎላቸው እንዳይለሰልስ የሚሰጣቸው ካልሲየም አለ፣ ብርድ ሲሆን ቀን ከሌት የሚበራው ማሞቂያ አምፖል አለ። የመብራት ሂሳቡ ሲመጣ ደሜ ይፈላል። የምከፍለው እኔ ነኛ! አባቴ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ቤቱ የሚኖረው እኔ ከአንዲት ሠራተኛዬ ጋር የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ ነው።

ግን ከፍዬም አጉረምርሜም ዝም የምልበት ምክንያት አለኝ። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴን ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሱት ሻለቃ ናቸው። ቅጠላቸውን ይቆርጣል፣ ውሃቸውን ይቀይራል፣ ጀርባቸውን በብሩሽ ያጥባል፣ እግረ መንገዱንም የራሱን ፊት ይታጠባል። እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይውል ነበር።

እንግዲህ እኚህ ሻለቃ ናቸው አንድ ሰሞን ምግብ እምቢ ያሉት። መጀመሪያ ዕረፍት አጡ። ከአጥር እስከ አጥር ይመላለሳሉ፤ ጥግ ሲደርሱ ቆመው ወለሉን በኋላ እግራቸው ይፍቃሉ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ሌላኛው ጥግ። ግቢያችን ሙሉ በሙሉ ሲሚንቶ ነው። ጥፍራቸው ተሰነጣጥቆ እስኪደማ ድረስ ፋቁ።

«ቁርጥማት ነው» አለ አባቴ። እሱ ራሱ ቁርጥማት ስላለበት ሌላ በሽታ አይታየውም። የራሱን ቅባት እያመጣ እግራቸውን ማሸት ጀመረ። «አይዞዎት ሻለቃ፣ ሲበርድ እኔንም እንዲሁ ነው የሚያደርገኝ» ይላቸዋል።

ከዚያ መፋቁንም ተዉት። ጭንቅላታቸውን ሰብስበው ጥግ ላይ ተኙ። አባቴም ሳህኑን ይገፋ ጀመር። «እሳቸው ሳይቀምሱ እኔ ልጉረስ?» ይለኛል። የደነገጥኩት ይኼኔ ነው። ሻለቃ ቢሞቱ አባቴ ብዙ እንደማይቆይ ታየኝ፤ ፈራሁ።

ጎረቤታችን ቧንቧ ሠሪው ቱቦ የሚጭንበት ፒካፕ አለው። እሱን ለምኜ ሻለቃን በብርድ ልብስ አንጠልጥለን ጫንናቸው። አባቴን ጋቢና ግባ ብንለው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ከኋላ አጠገባቸው ተቀመጠ።

የእንስሳት ሐኪሟ ወጣት ናት። የምርመራ ጠረጴዛዋ ውሻና ድመት ነው የሚችለው፤ ስለዚህ ሻለቃ ወለሉ ላይ ተቀመጡ፣ እሷም ተንበረከከች።

«ወንድ ነው ሴት?» አለች እግራቸውን እየነካካች።

«ሻለቃ ነው የምንላቸው» አለ አባቴ።

«ስማቸውንማ ነገሩኝ አባባ፤ ጾታቸውን ነው የጠየቅኩት።»

«እሳቸው...» ብሎ ጀመረና ቆመ። ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም ወደ እሱ።

ዕድሜዬን ሙሉ «እሳቸው በሉ፣ እሳቸው ተኙ» ስል ኖሬ፣ እሱ ይሁኑ እሷ አንድም ቀን ማወቅ አላስፈለገኝም። አንተ ወይም አንቺ ብንላቸው ኖሮ ቢያንስ አንዱን ለመምረጥ ገልበጥ አድርገን እናይ ነበር። አንቱ ማለታችን ከጥያቄው ገላግሎናል።

«ሻለቃ ተብሎ ደግሞ ሴት ይሆናል ብሎ ማን ይጠረጥራል?» አለ ቧንቧ ሠሪው፣ ለእኛ አዝኖ።

ሐኪሟ ራጅ አነሳቻቸው። ፊልሙን መብራት ላይ ስትሰቅለው የሻለቃ ሆድ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ በሚያካክሉ ክብ ነገሮች ተሞልቷል።

«ወይ ጉድ! ድንጋይ በልተዋል?» አለ አባቴ።

«እንቁላል ነው አባባ።»

«እንዴ! ባል የላቸውም እኮ!» አለ፣ ክብራቸው የተነካ መስሎት።

ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ዶሮስ ያለ አውራ ትጥል የለ? እንደዚያው ነው። የሚቆፍሩበት አፈር አላቸው ግን?»

«ግቢያችን ሲሚንቶ ነው» አልኳት።

ይኼኔ ሳቋ ጠፋ። «ኤሊ ጉድጓድ ቆፍራ ነው የምትጥለው። ለስላሳ መሬት ካጣች ይዛው ትቆያለች። ሲቆይ ደግሞ ሆዷ ውስጥ ይሰበርና ይመርዛታል። ሲፍቁ የሰነበቱት እኮ ቦታ እየፈለጉ ነው።»

አባቴ ቅባቱን የያዘበትን ኪስ በእጁ ሸፈነው።

ሐኪሟ የካልሲየም መርፌ ወጋቻቸውና ቁርጡን ነገረችን። በቶሎ ጥልቅ አፈር ካገኙ ራሳቸው ሊጥሉ ይችላሉ። ካልሆነ የሆዳቸው ዛጎል በመጋዝ ተከፍቶ እንቁላሉ መውጣት አለበት። ዋጋውን ስትጠራው ቧንቧ ሠሪው እጁን አፉ ላይ ጫነ፤ እኔ ለአንድ ትምህርት ቤት በሙሉ ዩኒፎርም ሰፍቼ የማገኘው ገንዘብ ነው። «ደግሞም በዚህ ዕድሜያቸው ከማደንዘዣው ይነቃሉ ብዬ ቃል አልገባም» አለች።

መንገድ ላይ ቧንቧ ሠሪው «እና ከእንግዲህ ሻለቃዋ ልንላቸው ነው?» ብሎ ሊያስቀን ሞከረ። ከኋላ የተቀመጠው አባቴ አልሰማውም። እኔ ደግሞ የምስቅበት አቅም አልነበረኝም።

ቤት እንደደረስን «አንዱን ጥግ እንፍለጠው» አልኩ።

«ሲሚንቶዬን የሚነካ ሰው እንዳላይ!» አለ አባቴ።

«ታዲያ ይሙቱ?»

«ኦፕራሲዮን ይደረጋሉ። ለጥርሴ ያስቀመጥኳት ገንዘብ አለች።»

«በድድህ ልታኝክ?»

«እሳቸውስ በጥርስ ነው እንዴ ይህን ሁሉ ዘመን የበሉት?»

ሳቄ አመለጠኝ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬ መጣ። ሲሚንቶው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። እናቴ መራመድ ሲያቅታት ተሽከርካሪ ወንበሯ አፈሩ ውስጥ እየሰመጠ አስቸገረ። አባቴ ማንንም ሳይቀጥር አሸዋውን ነፍቶ፣ አቡክቶ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ ግቢውን ለሰነው። የጎመን መደቧን እንኳ አልተወም። ፀሐይ ልትሞቅ የወጣችው ግን ጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከአልጋም አልተነሳች። ለእሷ የሠራው የመጨረሻ ሥራ ያ ነበር። በዚህ ሽንጤን ገትሬ ልከራከረው አንጀቴ አልቻለም።

መላ ያመጣው ቧንቧ ሠሪው ነው። «ሲሚንቶው ሳይነካ ከላይ አፈር እንከምርላቸው» አለና በፒካፑ ሙሉ ጭኖ መጣ። ጥግ ላይ ከመርነው፣ ውሃ አርከፍክፈን ደልደል አደረግነው። አባቴ በርጩማ አውጥቶ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

ሻለቃ አንገታቸውን ብቅ አድርገው አሸተቱ። እየተንፏቀቁ ክምሩ ላይ ወጡና ጀርባቸውን ሰጥተው በኋላ እግራቸው መዛቅ ጀመሩ። አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ። በደስታ እጄን አጨበጨብኩ። ብዙም ሳይቆይ ግን ያንኑ ድምፅ ሰማነው፤ ጥፍር ሲሚንቶ ሲፍቅ። ቆም አሉ፣ ትንሽ ፈቀቅ ብለው ሌላ ቦታ ጀመሩ። እዚያም ያው ነው። ከክምሩ ወረዱና ጭንቅላታቸውን አስገቡ። አባቴ ተነስቶ ወደ ቤት ገባ።

በማግስቱ ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ የመዶሻ ድምፅ ነው። ሮጬ ስወጣ አባቴ የእናቴ የጎመን መደብ በነበረበት በኩል ተንበርክኮ መሮውን ይመታል። ሲሚንቶው ቅንጣት ታህል ነው የሚለቅቀው፤ አባቴ ሸሚዙ በላብ ረጥቧል።

«አምጣ፣ እኔ ልምታው» አልኩት።

«እኔ ነኝ ያፈሰስኩት፤ እኔው ነኝ የማነሳው።»

ጥቂት መታና እጁን አሳረፈ። ሳያየኝ ነበር የሚያወራው። «እናትሽ ወገቧን ይዛ ስታቃስት እሰማ ነበር። ምን ሆንሽ ስላት ደህና ነኝ ትለኛለች። ጨዋ ሴት ናት፣ ደህና ነኝ ካለች ደህና ናት ብዬ ተውኳት። ደግሜ መጠየቅ መጨቅጨቅ መስሎኝ። እግሯ እስኪከዳት ጠበቅኩና ሲሚንቶ አቦካሁ።» መሮውን አነሳ። «እኚህም ደም እስኪወጣቸው ፋቁ፣ እኔ ቅባት እቀባለሁ። ሁለተኛ አልቀበርም... አልቀብርም ማለቴ ነው።»

ስብርባሪውን እየለቀምኩ መጣል ጀመርኩ። ሰፋ ያለ ቦታ ሲከፈት የታችኛው አፈር ጠቁሮ፣ ተጨምቆ ወጣ። አካፋ አምጥቼ ጠለቅ አድርገን አላላነው፤ የተከመረውንም ቀላቀልንበት። መሃል ላይ አካፋው ደጋግሞ ከእጄ ወደቀ፤ እጀታውን ረገምኩ። ከሰዓት በኋላ ቧንቧ ሠሪው ደርሶ ሻለቃን ተሸክመን አፈሩ ዳር አስቀመጥናቸው።

ጊዜ ወስደው ዞሩት። አንድ ቦታ መረጡና እንደገና በኋላ እግራቸው ጀመሩ። ወረደ። አሁንም ወረደ። አፈሩ በግራና በቀኝ ሲቆለል አባቴ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ እየጸለየ ይሁን እየቆጠረ አልጠየቅኩትም። ጉድጓዱ እግራቸውን ሙሉ ዋጠው፣ ድምፅ ግን የለም። ከዚያ ሻለቃ ፈጽሞ ጸጥ አሉ፤ ዓይናቸው እርጥብ ሆነ። የመጀመሪያው እንቁላል ሲወርድ ቧንቧ ሠሪው «መጣ! መጣ!» ብሎ ጮኸ።

«ዝም በል! ዙሩ፣ ሁላችሁም ዙሩ» አለ አባቴ። «በዚህ ሰዓት ሴት አትታይም።»

ቧንቧ ሠሪው እየሳቀ ወደ ሥራው ሄደ። እኔና አባቴ ጀርባችንን ለሻለቃ ሰጥተን አጥሩን እያየን ተቀመጥን። ከኋላችን ትንፋሻቸው ይሰማል። አባቴ እጆቹ በመሮው ተላልጠዋል፣ ፊቱ ግን ፈክቷል። አንድ ቁራሽ ዳቦ ሰጥቼው በላ።

«አንቺስ?» አለኝ ድንገት።

«እኔ ምን?»

«አካፋው ከእጅሽ ሲወድቅ አይቻለሁ። እጀታው ምንም አልሆነም። ሰሞኑንም መርፌ ላይ ክር የምታስገባልሽ ሠራተኛሽ ናት።»

ደህና ነኝ ልለው አፌን ከፈትኩ። አባቴ እንደ ወትሮው ፊቱን አላዞረም፤ ዓይኑን እንደተከለብኝ ነው። በዚህ እጅ ነው ሁላችንም የምንኖረው፤ ከአፌ ከወጣ እውነት እንዳይሆን ፈርቼ ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

«ይደነዝዘኛል» አልኩት። «ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አይታዘዙኝም።»

በርጩማውን ወደ እኔ ስቦ እጄን በተላላጠ እጁ ውስጥ ወሰደው።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለኝ።